ስፒከርን ከአምፕሊፋየር ጋር በኦም ማጣጣም

ስፒከር ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ዋቱ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ለአደጋ የሚያጋልጠው ግን ብዙውን ጊዜ የኦሙ፣ ማለትም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታበት መጠን፣ ማነስ ነው። ስለዚህ ሽቦ ከማገናኘትዎ በፊት የአምፕሊፋየሩን ጀርባ አዙረው ከስፒከር መውጫዎቹ አጠገብ የተጻፈውን ያንብቡ። «ከ4 እስከ 16 ኦም» የሚል ከሆነ ይበልጥ የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ አምፕሊፋየሩ የሚችለውን ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካውን የስፒከር ተቃውሞ) የሚነግርዎ እሱ ነውና።

ማጣጣም ሲባል ሁለቱን ቁጥሮች እኩል ማድረግ የሚመስላቸው አሉ። በትራንዚስተር አምፕሊፋየር ግን የስፒከሩ ኦም ከወሰኑ በታች አለመውረዱ ይበቃል። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት በሚያወጣበት ጊዜ የ8 ኦም ስፒከር 2.5 አምፒር፣ የ4 ኦም 5 አምፒር፣ 2 ኦም ደግሞ 10 አምፒር ይስባል። ፍሰቱ እንዲህ እጥፍ እየሆነ ሲሄድ ትራንዚስተሮቹ ይግላሉ፤ መከላከያ ያለው አምፕሊፋየር ድምፁን ይቆርጣል፣ የሌለው ሊቃጠል ይችላል። የ16 ኦም ስፒከር ቢገጠም ግን ከ8 ኦሙ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ በግማሽ ያህል ከመቀነሱ በቀር የሚያስከትለው ጉዳት የለም።

የስፒከሩ ጽሑፍ ከተፋቀ ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው በቴስተር ይለኩት። ከ5.5 እስከ 7 የሚያነብ አብዛኛውን ጊዜ የ8 ኦም ስፒከር ነው፤ ከ3 እስከ 3.5 የሚያነብ ደግሞ የ4 ኦም። ቴስተሩ የሚለካው የጥቅሉን ሽቦ ሪዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ንባቡ ስፒከሩ ከሚጠራበት ኦም ማነሱ ብልሽት አይደለም።

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው ሁለተኛ ጥንድ ስፒከር ሲጨመር ነው። ሁለት የ8 ኦም ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሁለት የ6 ኦም 3፣ ሁለት የ4 ኦም 2 ብቻ። «ኤ» እና «ቢ» የሚል መምረጫ ያላቸው አምፕሊፋየሮችም ሁለቱን አንድ ላይ ሲያበሩ ብዙዎቹ የሚያገናኙት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ለዚያ የተጻፈውን የተለየ ወሰን ሳያዩ አይክፈቱ። ስፒከሮቹን በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር፣ ማሰር ኦሙን ይደምረዋል፤ ነገር ግን ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነ አንዱ የሌላውን ድምፅ ስለሚያዛባ አንድ ዓይነት ካልሆኑ በቀር አልመክረውም።

በትራንዚስተር ፋንታ በቫልቭ (በመስታወት ቱቦ) የሚሠራ አምፕሊፋየር ሕጉ ይለያል፤ እዚያ የ8 ኦም ስፒከር በ8 ኦም መውጫ ላይ መግባት አለበት፣ ስፒከር ሳይታሰርም ፈጽሞ መብራት የለበትም።

ሽቦውም የራሱ ኦም አለው። 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ሲዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ስለሆነ፣ ወደ 0.23 ኦም ይይዛል፤ ይህ ለ8 ኦም ስፒከር ቀላል ነው፣ ለ4 ኦም ግን 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ይሻላል።

ሁሉንም ካሰሩ በኋላ በመካከለኛ ድምፅ ግማሽ ሰዓት ያህል ያጫውቱና ክዳኑን ይንኩ። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እጅ ለማሳረፍ የማያስችል ሙቀት ካለው አጥፍተው የገመድ አሠራሩን እንደገና ይመልከቱ።