ምስር ታቹ ሲጠፋበት፦ ክሊኖስታት በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አግዛለሁ። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ስበት በሌለበት ዘር ቢበቅል ሥሩ ወዴት ይሄዳል?» ሮኬት የለንም። አንድ ትንሽ ሞተርና አንድ እፍኝ ምስር ግን አለን፤ ለዚህ ይበቃሉ።

ዘሩን ቀስ እያለ የሚያዞረው መሣሪያ ክሊኖስታት ይባላል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ስበትን አያጠፋም፤ ይህን ከመጀመሪያው እንያዝ። በሥር ጫፍ ያሉ አንዳንድ ህዋሳት ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሏቸው። ቅንጣቶቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሥሩም ታች የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ዘሩ ቀስ እያለ ሲዞር ታች የሚባለው ነገር ይቀያየርበታል፤ ቅንጣቶቹም አንድ ቦታ የሚረጉበት ጊዜ አያገኙም። ጠፈርተኞች ራሳቸው የሚንሳፈፉት ስበት ጠፍቶ አይደለም። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከመሬት ስበት 90 በመቶ ያህሉ አለ። የሚንሳፈፉት ከጠፈር ጣቢያቸው ጋር ያለማቋረጥ እየወደቁ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ። የማይክሮዌቭ ሳህን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ምርጥ ነው። ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የወለቀውን ግዙ። ማይክሮዌቩን ራሳችሁ እንዳትፈቱ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከሶኬት ተነቅሎም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 220 ቮልት መሆን አለበት፤ የ21 ቮልቱን ሶኬት ላይ ከሰካችሁት ይቃጠላል። በደቂቃ 2.5 ጊዜ የሚዞረውን ምረጡ። የሽቦውን መገናኛ በደንብ ሸፍኑ።

የፍጥነቱ ነገር ቀላል አይደለም። በ1806 ቶማስ ናይት የተባለ እንግሊዛዊ ችግኞችን ውሃ በሚያዞረው መንኮራኩር ላይ አስሮ በፍጥነት አሽከረከራቸው። ሥሮቹ ወደ ውጭ አደጉ፤ ሽክርክሪቱ ራሱ ስበት ሆነባቸው። በእኛ ፍጥነት ከመሃል 5 ሴንቲ ሜትር የራቀ ዘር ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን ከመሬት ስበት 3,000 እጅ አንዱ ቢሆን ነው።

ዘሩ ድፍን ምስር ይሁን፤ ክክ አይበቅልም። ጅማ ላይ ሁሉም ሰው «ለምን ቡና አይሆንም?» ይለኛል። ቡና ለመብቀል ሳምንታት ይፈልጋል፤ ምስር ሁለት ሦስት ቀን። በክረምት ሻጋታ ስለሚያስቸግር ምስሩን በቀጠነ በረኪና ለአምስት ደቂቃ እጠቡትና ደጋግማችሁ አለቅልቁ። አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሥር ያወጡትን ብቻ ልቀሙ።

ባዶ የሲዲ ሳጥን ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ። ሶፍቱ ሲጨመቅ የማይንጠባጠብ ይሁን። ምስሮቹን በመሃሉ ዙሪያ እኩል አራርቁ። አንድ ጎን ከከበደ ሳጥኑ ከላይ ሲያልፍ ዱብ ይላል፤ በዓይን ይታያል። ዝጉት፣ በፕላስተር አሽጉት፣ ከጀርባው መሃል ላይ የሃይላንድ ክዳን ለጥፉና ክዳኑን ሞተሩ ዘንግ ላይ ሰኩት። ሳጥኑ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቆሞ ይዞራል።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል መጣ። የሞተሩ ዘንግ ፍጹም አግድም መሆን አለበት። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ከስበቱ 1.7 በመቶ ያህሉ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ቢዞር አይጠፋም። ከሽክርክሪቱ ግፊት ወደ 50 እጥፍ ይበልጣል። ውሃ ልክ ትንሿ ዘንግ ላይ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛውን ማመን ደግሞ አይቻልም። እኔ የማምነው ቱንቢ ነው። ክር ላይ አንድ ብሎን አስራችሁ ከሳጥኑ ፊት አንጠልጥሉ። በክሩና በሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም በማስመሪያ ለኩ። በ12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ አንድ ዲግሪ ዘንብላችኋል ማለት ነው።

በዚህ ግን አትቁሙ። ሳጥኑን ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ከላይ ወደ ታች ከተገለበጠ ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ ጠምሞ ተለጥፏል። ልዩነቱ ባለበት ከቆየ ሞተሩ ነው ያዘነበለው፤ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት እየሸጎጣችሁ አስተካክሉ። እኔ ይህችን ግማሽ ዙር ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቀን ደህናውን ሞተር ሳነሳና ሳስቀምጥ ዋልኩ።

ሌላ ሁለተኛ ሳጥን በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጁና ሳይዞር ከሚዞረው አጠገብ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። በሁለቱም ውስጥ ሥሮቹ ወደ ጎን ያመለክቱ። ሁለቱንም በጥቁር ካርቶን ሸፍኑ፤ ብርሃን ካየ ቡቃያው ወደዚያ ይጎተታል።

መብራት! የመጀመሪያ ሙከራዬን ያበላሸው እሱ ነው። ጠዋት ስከፍተው ሥሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ታጥፈዋል። ልጆቹን ሰብስቤ ምስሩ አቅጣጫ መረጠ ብዬ አስረዳኋቸው። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደነበር ነገረኝ። ሞተሩ ቆሟል፤ ምስሩ ታቹን አግኝቷል። ልጆቹን መልሼ ጠርቼ የነገርኳቸው ስህተት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሥር ጥቂት ደቂቃ ከቆመ መታጠፍ ይጀምራል፤ የሰዓታት መጥፋት ውጤቱን ዋጋ ያሳጣዋል። አሁን ሞተሩን የምሰካው የኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ነው፤ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ ረጅም ሰዓት ያቆየዋል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ከንጋት እስከ ማታ አጠገቡ ሆናችሁ ሥሩት። ከቆመ ውጤቱን ጥላችሁ በአዲስ ምስር ጀምሩ።

ሳጥኑ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ያህል ከዞረ በኋላ ሁለቱንም ክፈቱና በስልክ ፎቶ አንሱ። በቆመው ሳጥን ውስጥ ሥሮቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ። በሚዞረው ውስጥ የጀመሩበትን አቅጣጫ ይዘው ይቀጥላሉ፤ አንዳንዱ ትንሽ ሊወላገድ ይችላል። የእያንዳንዱን ሥር መታጠፍ በፕሮትራክተር ለክታችሁ ጻፉ። አንድ ምስር ምንም አይነግራችሁም፤ ቢያንስ አስር አስር ይሁኑ።