የአያት ሽጉጥ ዝጎ ሲገኝ፦ ችግሩና መፍትሄው

አያት ሲያርፉ ከሳጥኑ ሥር የድሮ ሽጉጥ ይወጣል። ሱሉልታና ሰበታ አካባቢ ላሉ የቆዩ ቤተሰቦች ይሄ ብርቅ አይደለም። ወዲያው አንዱ ጎረምሳ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይነሳል። ያዙልኝ! እዚህ የምጽፈው ለማስታወሻ ስለማቆየት እንጂ ስለመተኮስ አይደለም። መቶ ዓመት የሞላው የተበላ ብረት እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

መጀመሪያ፣ ባዶ ነው ቢባልም አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ጥይት ተጣብቆበት ከሆነ መምታት፣ ማሞቅ፣ መጎርጎር የለም፤ ፖሊስ ይጠራ። ፖሊስ ጋ መሄዱ ለነገሩ አይቀርም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዛል፤ “የአያቴ ነው” ማለት ፈቃድ አይሆንም።

የምን አገር እንደሆነ አይታወቅም

ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም፤ ቅባትና አቧራ ደፍኖት ነው። የጥርስ ብሩሽ ነጭ ጋዝ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ከዚያ የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ከፊት ሲያበሩ የማይታየው ማህተም በጥላው ይወጣል።

ጽሑፉ እምቢ ካለ ቅርጹን እዩ። ምላጩ የሚታጠፍ፣ ከለላም የሌለው ከሆነ በፈረንጅ የ1889 የጣሊያን ቦዴዮ ነው፤ የተራ ወታደሩ ዓይነት። የመኮንኑ ግን ከለላ አለው። ከበሮው ሰባት ጥይት የሚጎርስ፣ መዶሻው ሲሳብም ወደ ፊት ጠጋ የሚል ከሆነ የሩሲያው ናጋንት ነው። ከወገቡ ታጥፎ የሚከፈት ከሆነ ወደ እንግሊዞቹ ዌብሊና ኤንፊልድ አስቡ። ከበሮው ወደ ቀኝ የሚወጣ ከሆነ የፈረንሳዩ የ1892 ሳይሆን አይቀርም።

“ከአድዋ የተማረከ ነው” የሚለውን የቤተሰብ ወሬም ማህተሙ ይዳኘዋል። አድዋ በፈረንጅ 1896 ነው። 1916 የተመታበት ቦዴዮ አድዋን አያውቃትም። ይሄን ለአጎቶች ስትነግሩ ግን በዘዴ ይሁን።

ቀይ ዝገት ለብሷል

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የባትሪ ውሃ፣ ግራይንደር፦ አንዱንም አታስጠጉ። የድሮ ሽጉጥ ላይ የምታዩት ጥቁር ሰማያዊ መልክ ቀለም አይደለም። ባለሙያ ሆን ብሎ ያወጣው ስስ የዝገት ዓይነት ነው። አሲድ ቀዩን ሲበላ እሱንም ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሚያብለጨልጭ፣ ታሪክም ዋጋም የሌለው ብረት ነው።

የስፌት መኪና ዘይት ቀቡና አሳድሩት። በማግስቱ እጅግ ደቃቅ በሆነው የብረት ሱፍ፣ ባለ አራት ዜሮው፣ ሳትጫኑ እሹ። ቀዩ ዱቄት ሲለቅ ቡናማው ይቀራል። እዚያ ላይ አቁሙ። የተቦረቦረውን አትሙሉት፤ የሚነበብ ቁጥር ያለበትን ቦታ ደግሞ በጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ሕግ ፊትም ያስጠረጥራል።

አንዱ ጎኑ ብቻ ዝጓል

ጥፋተኛው የቆዳ አፎቱ ነው። ቆዳው የለፋበት ነገር አሲድነት አለው፤ የክረምቱንም እርጥበት ይዞ ያቆያል። ነሐስ ካለበት አረንጓዴ ዝቃጭ የሚያበቅለውም እሱ ነው። አፎቱን አትጣሉት፤ ለብቻው አስቀምጡት።

ከበሮው አይዞርም

ሁልጊዜ ዝገት አይደለም። አንዳንዱ ቤት በደህና ቀን የምግብ ዘይት ወይም ቅቤ ተቀብቶ ነበር፤ እሱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ነጭ ጋዝ ነክሮ መተው ነው፤ በፒንሳ መጠምዘዝ የለም። ቪቴ መፍታት የግድ ከሆነ ካቻቪቴው ጥርሱን ሞልቶ ይግባ። ልኩ ካልተገኘ አይፈታ። ውስጥ ያለው ሞላ ከተሰበረም ተሰብሮ ይቀመጥ፤ ለግድግዳ ምን ያደርጋል?

እጀታው ተሰንጥቋል

እንጨቱ ደርቆ ነው። የተልባ ዘይት በጨርቅ ጫፍ ትንሽ ብቻ። ቫርኒሽ አይነካው።

ሲያልቅ በስሱ ዘይት ቀብታችሁ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል። ክረምቱ ሳይገባ አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ ገልጣችሁ እዩት። በባዶ እጅ አትያዙት፤ ላብ ጨው ነው።