ለስኳርና ለቆሽት፦ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ

እማዬ ስኳርም የቆሽት ሕመምም አለባት። ደሴ ቤታችን ምግቧን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ቅባት የሚፈጭበትን ኤንዛይምም ያወጣል። የታመመ ቆሽት ደግሞ ከባድ ማዕድ አይችልም።

ምግብ አትጨምሩ። ያንኑ የቀኑን ምግብ ለ5 ወይም ለ6 ክፈሉት። ጠዋት ቂንጬ ያለ ቅቤ፣ ረፋድ ላይ አሬራ፣ ምሳ ግማሽ እንጀራ በምስር፣ መክሰስ ግማሽ ሙዝ። ማታ ቀለል ያለ ሾርባ ይበቃል።

ዋናው ነገር ወጡ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላሉት። መያዝ ሲጀምር ጠብታ ሙቅ ውሃ ጣል እያደረጋችሁ አማስሉት። ቡናማ ሲሆን በርበሬውን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት። ይጣፍጣል፣ እመኑኝ!

በትሪ አብሮ ሲበላ መጠኑ አይታወቅም። ለብቻዋ በሳህን አቅርቡላት። «በሞቴ» እያለ የሚያጎርስ ዘመድ ሲመጣ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ይገባዋል።

የኤንዛይም እንክብል ከታዘዘ ከምግቡ ጋር ነው የሚዋጠው።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ምሳ ዕቃና ስኳር ከቦርሳዬ አይጠፉም። በመንገዱ ላይ ባለው ሐረጎ ዳገት መኪና ሊቆም ይችላል። ስኳሯ ወርዶ ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም የደም ስኳር መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣታለሁ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እለካለሁ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የምግብ ሰዓቱን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመምና ትውከት ከመጣ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።