ጫት መቃሙን የነገረኝ ሸሚዙ ነው

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ11ኛ ክፍል ልጄ ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ይመልስ ጀመር። «አልራበኝም እማ» ሲለኝ የፈተና ጭንቀት መሰለኝ። በኋላ ሸሚዙን ሳጥብ ከኪሱ ስፌት ውስጥ የደረቀ ቅጠልና የለውዝ ልጣጭ ወጣ።

እናንተ እንደኔ አትዘግዩ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ማታ ወሬው አላልቅ ያለው ልጅ በማግስቱ ድብት ብሎ፣ ሲነጫነጭ ይውላል። ካናቢስ ከሆነ ዓይኑ ይቀላል፣ ልብሱ ይሸታል፣ ድንገት ይርበዋል። እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ትራማዶል የሚባለው የህመም ማስታገሻ ክኒን ነው፤ ሽታ የለውማ! የዓይኑ ብሌን ጠቦ፣ እያወራ የሚያንቀላፋ፣ ገላውን የሚያሳክከው ከሆነ የክኒን ማሸጊያ ፈልጉ። ካንቀጠቀጠው ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ወዲያውኑ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በጉርምስና እንቅልፍም ጸባይም ይለዋወጣል። ለሁለት ሳምንት ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ።

መርቅኖ ሲገባ ግን አታናግሩት። እኔ ጮህኩበት፤ በሩን በርግዶ ወጣ፣ ያን ሌሊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ከቀናት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት፣ ቁርስ አቅርቤ «ልጄ፣ ኪስህ ውስጥ ቅጠል አገኘሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩትና ዝም አልኩ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አልመለሰልኝም። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረኝ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ከዚያ አማኑኤል ሆስፒታል። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን የያዘልኝ እሱ ነበር።