ልጄ ቦውሊንግን ልትተው ስትል ያደረግኩት

እዚህ ሜሪላንድ፣ የስምንት ዓመት ልጄ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ቦውሊንግ አልሄድም» ብላ ጫማዋን አወለቀች። ኳሷ እየደጋገመ ከሚንከባለልበት ወለል ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ ደግሞ «በርቺ! በርቺ!» እያልኩ አባባስኩት።

ጥፋቱ የኔው ነበር። የመረጥኩላት ኳስ 10 ፓውንድ፣ እሷ ራሷ 58 ፓውንድ! ኳሱ ላይ ያለው የአውራ ጣት ማስገቢያ ቀዳዳ ስለሰፋት እንዳያመልጣት ጨምቃ ትይዘዋለች፤ ስትለቀው ክንዷ ይጣመማል። በ6 ፓውንድ ቀየርኩላት።

ዋናው ለውጥ ግን ዓይኗ ላይ ነው። 18 ሜትር ርቀው የቆሙትን ፒኖች (ኳሱ የሚጥላቸውን ጠርሙስ መሰል ዒላማዎች) ትታ፣ ከመወርወሪያው መስመር 4 ሜትር ያህል አለፍ ብሎ ወለሉ ላይ ካሉት ቀስቶች ከቀኝ ሁለተኛውን እንድታይ ነገርኳት። ነጥብ መቁጠሩንም ተውነው። ኳሱ ቀስቱን ከረገጠ አንድ፣ ካልረገጠ ዜሮ፤ ናፕኪን ላይ ራሷ ትጽፋለች። ፒን ወደቀ አልወደቀ፣ አንጠይቅም።

የቦዩን መከለያ በእሷ ተራ ብቻ አስነሳሁ። አጎቷ «ይሄማ ማጭበርበር ነው» ቢልም አልሰማነውም።

ባለፈው ቅዳሜ ከ20 ውርወራ 9 ጊዜ ቀስቱን አገኘችው። ናፕኪኑ አሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ጥጉ ላይ የሽሮ ጠብታ አለበት።