የስፓም (ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ) ኢሜይልን ምንጭ ፈልጎ ለኢንተርኔት አቅራቢው ማመልከት

የላኪውን ስም አትመኑ፤ ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። እውነቱ ያለው ሙሉው ሄደር፣ ማለትም ከመልእክቱ ጋር የሚመጣው የጉዞ መዝገብ፣ ውስጥ ነው። ጂሜልን በኮምፒውተር ከፍታችሁ ከመልእክቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ ቀጥሎ «ሾው ኦሪጅናል»ን (Show original) ተጫኑ።

«ሪሲቭድ» (Received) ብለው የሚጀምሩትን መስመሮች ፈልጉ። መልእክቱ ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር (ኢሜይል አስተላላፊ ኮምፒውተር) የራሱን መስመር ከላይ ስለሚደርብ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። የእናንተው ኢሜይል አቅራቢ ከውጭ የተቀበለበት መስመር ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ በማዕዘን ቅንፍ [ ] የታጠረው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የላኪው ሰርቨር የኢንተርኔት ቁጥር፣ የምትፈልጉት ነው። መስመሩ መነሻ ላይ ያለውን ስም ላኪው ሰርቨር ራሱ ለራሱ ያወጣው ስለሆነ እርሱት። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የፈጠራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የመጨረሻውን መስመር ይይዝና ንጹሕ ሰው ይከስሳል። በ10. ወይም በ192.168. የሚጀምር ቁጥር የውስጥ ኔትወርክ ነው፤ እለፉት።

አይፒውን «ሁኢዝ» (Whois) በሚባለው የአይፒ ባለቤቶች መዝገብ ላይ ፈልጉ፤ «አቢዩዝ» (abuse) ከሚለው ቃል ጋር የተመዘገበው ኢሜይል የአቤቱታ መቀበያው ነው። ሄደሩንና መልእክቱን እንዳለ በጽሑፍ ገልብጣችሁ ላኩ። ስክሪንሾት አይጠቅምም፤ ተራ ፎርዋርድም ሄደሩን ይጥለዋል። ሰዓቱን፣ እንደ -0700 ያለውን የሰዓት ልዩነት ጭምር፣ አትንኩት፤ አንዱ አይፒ በየጊዜው ለተለያየ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል ጥፋተኛው የሚለየው በእሱ ነው።