የግላይደር ክንፍ ሲደበዝዝ፣ ሲሻክርና ሲሰነጠቅ

መዳፍህን የግላይደሩ፣ የሞተር አልባው አውሮፕላን፣ ክንፍ ላይ አድርገህ ሳብ አድርገው። ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ ጄልኮቱን ፀሐይ በልታዋለች ማለት ነው።

ጄልኮት የክንፉን አካል፣ ማለትም ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራውን ፋይበርግላስ፣ የሚሸፍነው ነጭ ቆዳ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ በፈገፈግከው ቁጥር በቀላሉ ከማይተካ ነገር ላይ እየቀነስክ ነው። መጀመሪያ በብዙ ውሃና በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው። ዱቄቱ ካልለቀቀ በፖሊሽ ሞክር። ብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ እሱም 1000 ቁጥርና ከዚያ በላይ የላመው፣ በውሃ እየራሰ። የፖሊሽ ማሽን ከያዝክ አንድ ቦታ ላይ አትቁም፣ ሙቀቱ ጄልኮቱን ያቃጥለዋል። በመጨረሻ ጠንካራ የካርናውባ (ከዘንባባ ቅጠል የሚገኝ) ሰም ቀባው። ሲሊኮን ያለበትን ሰም ግን አደራ አትንካ! ዛሬ ያብረቀርቃል፤ ነገ ጥገና ሲመጣ አዲሱ ቀለም አልይዝ ብሎ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል።

የክንፉ ፊት ሻካራ ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ነፍሳት ናቸው። አየሩ ክንፉን ታክኮ በጸጥታ እንዲፈስ የተሠራ ቅርጽ ነው፤ የደረቀች አንዲት ትንኝ ያንን ፍሰት ትረብሸዋለች። ሞተር የለህምና ኪሳራውን የምትከፍለው በከፍታ ነው። እርጥብ ፎጣ አሥር ደቂቃ አልብሰው፣ ከዚያ በቀላሉ ይጠረጋል። በደረቁ አትፈግፍግ። ደግሞ ለነገ አታሳድር፣ ማታውኑ ጨርሰው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፦ ስንጥቅ። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ታያለህ፤ ጥቁረቱ ውስጡ የገባ ቆሻሻ ነው። ጄልኮቱ በፀሐይና በዕድሜ ሲደርቅ ይሰባበራል። ከፍ ብለህ በብርድ በርረህ ቶሎ ስትወርድ ደግሞ ይባስበታል። ይህን ሰም አይሸፍነውም። ጄልኮቱ ተልጦ እንደገና ይቀባል፤ ለሙሉ ግላይደር የመቶዎች ሰዓት ሥራ ነው። በጀርመን ክለቦች አባላቱ እንዲህ ያለውን ሥራ ለበረዶው ወራት ያቆዩታል።

ስንጥቁ እንደ ኮከብ ከአንድ ነጥብ የሚበተን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሆነ ነገር መትቶታል። ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ወይም በአየር ፍሬኑ (ከክንፉ ላይ ብቅ የሚለው ማቆሚያ ሳንቃ) ሳጥን ጥግ የወጣ ስንጥቅም እንዲሁ ያስፈራል። ጉዳቱ እስከ ፋይበርግላሱ ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል ፈቃድ ያለው መርማሪ ሳያየው አትብረር። «ትንሽ ናት» የሚልህን አትስማ።

ትናንሽ እብጠቶች ከወጡ እርጥበት ገብቷል። እርጥብ ክንፍ ግላይደሩ በሚቀመጥበት ተጎታች ውስጥ ቆልፈህበት ይሆናል። አድርቀህ አስገባ፤ ተጎታቹም አየር ያግኝ።

ቀለም ለመቀየር ካማረህ ደግሞ ነጩን አትልቀቅ። ብዙ የፋይበርግላስ ግላይደሮች ጥንካሬያቸው የተረጋገጠው እስከ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጥቁር ክንፍ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል።